ንጉሡ የት ይክረሙ?

ባለፈው ክረምት ሥራዬን በላፕቶፕ ይዤ ጎንደር እናቴ ቤት ከረምኩ። አንድ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንቅልፍ እምቢ አለኝና፣ ማንም በነፃ የሚያወርደውን የሳተላይት የከፍታ ዳታ አምጥቼ ትንሽ ኮድ ጻፍኩ። ከመተማ ተነስቶ በጎንደርና በደባርቅ አድርጎ ራስ ደጀን የሚወጣ ግራፍ ሳለልኝ። 300 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት መስመሩ ከ700 ሜትር ግድም ተነስቶ ወደ 4,550 ይደርሳል። ከቆላ እስከ ውርጭ ማለት ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ፣ ወይና ደጋው ላይ ተቀምጣለች።

ለምን እዚያ? ልጅ ሆነን የሰማነው ትንቢቱን ነው፤ የመናገሻዋ ስም በ«ጎ» ይጀምራል የሚለውን። ጉዛራ ተሞከረች፣ ጎርጎራ ተሞከረች፣ ጎንደር ላይ ሰመረ። (ፋይልን በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ እንደ መፈለግ ነው፤ አንዳንዴ ይሠራል።) እኔ ግን ግራፉን ሳይ የመጣብኝ ሌላ ቃል ነው፦ መክረም።

ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት ቤተ መንግሥታቸው በአብዛኛው ድንኳን ነበር። በበጋ ይዘምታሉ፣ ያስገብራሉ፤ የሰፈሩበት አካባቢ ማገዶ ሲያልቅ ይነሳሉ። ከሰኔ በኋላ ግን ወንዙ ይሞላል፣ ጭቃው በቅሎ ይይዛል፣ ሠራዊቱም የትም አይሄድም። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ «የት እንክረም?» ነው። ክረምትና መክረም ከአንድ ሥር መውጣታቸው ያለ ነገር አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የመረጡት ቦታ ለጥያቄው ጥሩ መልስ ነው። በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ያለ ከፍታ ነው፤ ውሃ በግራም በቀኝም አለ፣ ዝናቡ ግን ወርዶ ይሄዳል እንጂ አይተኛበትም። እንደ ቆላው ወባ አይበረታበትም፣ እንደ ስሜን ብርዱ አጥንት አይገባም። ድንኳኑ በድንጋይና በኖራ ተተካ፤ የክረምት ሰፈሩም ከ200 ዓመት በላይ መናገሻ ሆነ።

ባሕሩስ? ምጽዋ እ.ኤ.አ. ከ1557 ጀምሮ በኦቶማኖች እጅ ነበረች። ፋሲል ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ ተመልሰው እንዳይገቡ ከምጽዋው ፓሻ ጋር ተስማሙ። የባሕር በር ነገር በ1985 ዓ.ም. የተጀመረ ለሚመስለው ጓደኛዬ ይህን ሁሌ እነግረዋለሁ። የቀረውን ዘበኝነት ሊማሊሞ ይሠራል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ አካባቢ በኖቬምበር 1769 ተነስቶ፣ ይህን ገደል ወጥቶ፣ ጎንደር የገባው በፌብሩዋሪ 1770 ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆረጠውን ጠመዝማዛ መንገድ በመኪና የወረደ ሰው ሦስት ወሩ አይገርመውም።

እኔን የሚከብደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ድንኳን ማገዶ ሲያልቅ ይነሳል፣ ዛፉም ፋታ ያገኛል። የድንጋይ ከተማ አይነሳም። ኖራውም በእንጨት ነው የሚቃጠለው፣ እንጀራውም በእንጨት ነው የሚጋገረው፤ እርሻውም ዳገቱን ይዞ ወጣ። አሁን ዝናቡ ከተራቆተው ዳገት አፈሩን ጠርጎ ይወርድና ለከተማዋ ውሃ በተሠራው በአንገረብ ግድብ ውስጥ ደለል ሆኖ ይተኛል። ግድቡ በየዓመቱ የሚይዘው ውሃ ይቀንሳል ማለት ነው።

ያን ማታ ግራፉን ላሳያት ስጠራት እናቴ በረንዳው ላይ ነበረች። ባልዲውንና ሳፋውን አሸንዳው ሥር ደርድራለች። ቧንቧችን ከደረቀ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ እሱን ተወውና ጀሪካኑን አቀብለኝ፣ ሳያባራ» አለች።