የዋስትና ወረቀትና የሚያስቸግር ሞተር
(በራዲዮ ከተነገረው ንግግር)



አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ አስቀድመው አፏን ከፍተው ጥርሷን ያያሉ፤ ሰኮናዋን ያነሣሉ፤ ጀርባዋን በእጃቸው ይዳብሳሉ፤ ጥቂት አስኪደውም እርምጃዋን ይመለከታሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ልባቸው ያልረጋ እንደ ሆነ ግን ሻጩን «ዋስ ጥራ» ይሉታል። ዋሱ አገር የሚያውቀው፥ ቤቱና ደጁ የታወቀ ሰው ነውና፥ በቅሎይቱ ውላ አድራ እንከን ቢገኝባት ገዢው የሚያንኳኳው በር አያጣም። ዛሬ «ዋስትና» የምንለው ቃል የወጣው ከዚሁ ነው። እንግዲህ ዋስትና ማለት በመሠረቱ ወረቀት አይደለም፤ በችግር ቀን የሚገኝ ሰው ማለት ነው።

አውቶሞቢል በመጣ ጊዜ ግን ይህ ጥንታዊ ብልሃት ተናጋ። የሞተር ጥርስ በገበያ መካከል ተከፍቶ አይታይም። ገዢው የሚያየው ቀለሙንና ወንበሩን ነው እንጂ በብረቱ ውስጥ የተደበቀውን ጉድለት አይደለም። ዋሱም ራቀ፤ መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ሌላ፥ የሸጠው ወኪል ሌላ ሆነና ባለመኪናው በሁለቱ መካከል ተንከራታች ሆኖ ቀረ። በዛሬው ንግግራችን፥ ሞተሩ እየደጋገመ የሚቆምበት፥ ወደ ሻጩም በሄደ ቍጥር «ነገ ተመለስ» የሚባለው ባለመኪና መብቱን በምን መንገድ እንዳገኘ እንመለከታለን። ታሪኩ በይበልጥ የተፈጸመው አውቶሞቢል እንደ ጤፍ በበዛበት በአሜሪካ ነው። የምንጠቅሰውም ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፥ ከመነሻው እንጀምር። በ1842 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አንድ የፖስታ ሠረገላ ነጂ ሠረገላው ተሰብሮበት ስለ ተጎዳ፥ ሠረገላውን በደኅና ለመያዝ ለመንግሥት ውል የገባውን ሰው ከሰሰ። ዳኞቹ ግን «ውሉ ከመንግሥት ጋራ ነው እንጂ ከአንተ ጋራ አይደለም» ብለው አሰናበቱት። ይህ ፍርድ ከሰባ ዓመት በላይ እንደ ግንብ ቆሞ ኖረ። በአሜሪካም ፋብሪካው ለወኪሉ፥ ወኪሉም ለገዢው ይሸጥ ስለ ነበር፥ ገዢው ወደ ፋብሪካው ቢሄድ መልሱ «አናውቅህም» ነበር።

ግንቡን የነቀነቀው በ1916 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ማክፈርሰን የተባለ ሰው ከወኪል የገዛው የቡይክ መኪና የአንዱ መንኰራኵር እንጨት ተሰባብሮ፥ እርሱም ከመኪናው ተወርውሮ ተጎዳ። ኩባንያው፥ መኪናውን የሸጥነው ለወኪሉ ነው፤ መንኰራኵሩንም የሠራው ሌላ ፋብሪካ ነው ሲል ተከራከረ። ዳኛ ቤንጃሚን ካርዶዞ ግን ነገሩን ገልብጠው አዩት። ከሰው ሁሉ መካከል በመኪናው እንደማይሄድበት በርግጥ የሚታወቀው ያ ወኪል ሆኖ ሳለ፥ ሕግ የሚጠብቀው እርሱን ብቻ ከሆነ ሕጉ ምን ይጠቅማል? የሠረገላም ዘመን ሥርዓት ለአውቶሞቢል ዘመን አይበቃም አሉ። ስለዚህ ሠሪው፥ በቸልታ ቢሠራ አደጋ የሚያመጣ ዕቃ እስከ ሠራ ድረስ፥ በውል ለማያውቀው ተጠቃሚም ኀላፊ እንዲሆን ፈረዱ።

ፋብሪካዎቹ በበኩላቸው ሌላ ጋሻ አበጁ፤ ይኸውም የዋስትና ወረቀት ነው። ስሙ ለገዢው የተጻፈ ቢመስልም ዋናው ሥራው የፋብሪካውን ኀላፊነት ማጥበብ ነበር። ለብዙ ዓመታት የአሜሪካ መኪና ሠሪዎች በማኅበራቸው አማካይነት የተስማሙበት አንድ ዓይነት ወረቀት፥ 90 ቀን ወይም 4,000 ማይል (6,400 ኪሎ ሜትር ያህል) እስኪሞላ ድረስ የተበላሸ ዕቃ እንለውጣለን፥ ከዚያ በቀር ሌላ ግዴታ የለብንም የሚል ነበር። ገዢው ይህን አልወድም ቢል ወደ ሌላው ፋብሪካ ሄዶ የሚያገኘው ያንኑ ቃል ነው።

በ1955 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ግዛት ሄኒንግሰን የተባለ ሰው ለሚስቱ የገዛላት አዲስ የፕሊመዝ መኪና ገና 468 ማይል እንደ ሄደ መሪው ከዳትና ከግንብ ጋራ ተጋጨች። የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በግንቦት 9 ቀን 1960 ዓ.ም.፥ በወረቀቱ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የታተመው ቃል የገዢውን መብት ሊያጠፋ አይችልም ብሎ ፈረደ። ደግሞ እንዴት ያለ መገጣጠም ነው! ከዚያ ፍርድ አራት ቀን ቀደም ብሎ በአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ ታውጆ ነበር፤ በእርሱም ሻጭ ስለ ሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑ፥ ጉድለቱንም እያወቀ በተንኰል ከሸሸገ ከዋስትናው ነጻ የሚያደርገው የውል ቃል ከንቱ መሆኑ ተደንግጓል።

ነገር ግን እስከዚህ የተናገርነው ደም ስለ ፈሰሰበት አደጋ ነው። ሰው ሳይጎዳ ባለቤቱን ብቻ የሚያንገላታው ሞተር ፍርድ ያገኘው ዘግይቶ ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። የመጀመሪያው የጉድለቱ ጠባይ ነው። ለምሳሌ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያቀብለው ቦቢና ውስጡ የተጎዳ እንደ ሆነ፥ ሲግል ሥራውን ያቆማል፤ ሲበርድ ይመለሳል። ባለመኪናው በመንገድ ላይ ቆሞ ይውልና በማግሥቱ መኪናውን ወደ ጋራዥ ሲያደርስ ሞተሩ አንድ ጊዜ በማስነሣት ብቻ እንደ ንብ ይጮኻል። መካኒኩም «ምንም አላገኘንበትም» ብሎ ይመልሰዋል። መካኒኩ አልዋሸም፤ ባለመኪናውም አልዋሸም።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። ፋብሪካዎቹ ገበያ ለመሳብ ሲሉ ዋስትናውን እየተሽቀዳደሙ አስረዘሙት። ለ1961 ዓ.ም. መኪናዎች ፎርድ 12 ወር ወይም 12,000 ማይል ሲል፥ ለ1963ቱ ደግሞ ክራይስለር ለሞተርና ኀይል ለሚያስተላልፉ ክፍሎች 5 ዓመት ወይም 50,000 ማይል አለ። ቃሉን የሰጠው ፋብሪካው፥ ሥራውን የሚሠራው ግን ወኪሉ ነው። ፋብሪካው ለዋስትና ሥራ ለወኪሉ የሚከፍለው ዋጋ፥ ወኪሉ ከኪሱ ከሚከፍል ደንበኛ ከሚያገኘው ያነሰ ነበር። ስለዚህ በዋስትና የመጣው ባለመኪና ወደ ተራው መጨረሻ ቢገፋ ምን ያስደንቃል? የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ይህን ጉዳይ መርምሮ በ1968 ዓ.ም. የባለመኪናዎቹን እሮሮ በይፋ አወጣ። ከጋራዡ በር ላይ የምናየው ፊት መንሣት የአንድ ሠራተኛ ክፉ ጠባይ ብቻ ሳይሆን፥ ከላይ የተዘጋጀ የሒሳብ ውጤትም እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን።

በዚያው ዓመት በኒው ጀርሲ አንድ ሌላ ፍርድ ተሰጠ። አንድ ሰው በ1967 ዓ.ም. አዲስ መኪና ይገዛል። ሚስቱ ከሻጩ ተረክባ ወደ ቤቷ ስትነዳ ገና አንድ ማይል ሳትሞላ ሞተሩ በመብራት ላይ ቆመ፤ ከዚያም በቆመች ቍጥር ይጠፋባት ጀመር፤ በመጨረሻም በዝቅተኛው ማርሽ እየተንፏቀቀች ደረሰች። ባልየው ወዲያው ቼኩን በባንክ አሳገደ። ሻጩ ካምቢዮውን ከሌላ መኪና አውጥቶ በለወጠው በሌላ ተክቶ «ውሰድ» ቢለው፥ እንቢ አለ። ሻጩ ከሰሰው። ዳኛው ግን፥ ሰው አዲስ መኪና የሚገዛው ለልቡ ዕረፍት ጭምር ነው፤ እምነቱ አንድ ጊዜ ከተናወጠ በጥገና ብቻ አይመለስም በማለት ለገዢው ፈረዱለት፤ ቀብዱም ተመለሰለት።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ ገዢው ስንት ጊዜ ይመላለስ? በጥር 1975 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ፎርድ የፈረሙት የፌዴራል ሕግ፥ «ሙሉ ዋስትና» የሰጠ ሻጭ ከተገቢ ሙከራ በኋላ ካልጠገነ ይለውጥ ወይም ገንዘብ ይመልስ አለ። መኪና ሠሪዎቹ ግን ወረቀታቸውን «የተወሰነ ዋስትና» ብለው ሰየሙና ከሕጉ አመለጡ፤ «ተገቢ» የሚለውም ቃል ለክርክር በር ከፈተ። በ1982 ዓ.ም. የኮኔቲከት ግዛት፥ ጆን ውድኮክ በተባሉ የምክር ቤት አባል አሳሳቢነት፥ ቃሉን በቍጥር ተካው። አንድ ጉድለት አራት ጊዜ ተሞክሮ ካልተጠገነ፥ ወይም መኪናው በጠቅላላ 30 ቀን በጋራዥ ከዋለ፥ ፋብሪካው ይለውጥ ወይም ገንዘቡን ይመልስ ተባለ። ሌሎቹም ግዛቶች በየጊዜው ተከተሉ። ሕጉን «የሎሚ ሕግ» ይሉታል። በእኛ አገር ሎሚ በጥምቀት ለወደዱት የሚወረወር የፍቅር ምልክት ሲሆን፥ እነርሱ ለተበላሸ መኪና ስም ማድረጋቸው የሚያስገርም ነው።

ሕጉ ሁሉን አላዳነም። ለፋብሪካው የተመለሱት መኪናዎች ታሪካቸው ተሸሽጎ ለሌላ ገዢ መሸጣቸው ታይቷልና፥ ብዙ ግዛቶች ይህንም በሕግ ማገድ ግድ ሆነባቸው። ይሁን እንጂ ትልቁ ለውጥ ተደርጓል፤ እሮሮ ቍጥር ሆነ። «ብዙ ጊዜ ተመላለስኩ» የሚል ሰው ይታዘንለታል፤ «በዚህ ቀን፥ በዚህ ኪሎ ሜትር፥ ስለዚህ ጉድለት መጣሁ፤ ይኸው ፊርማው» የሚል ሰው ግን ይፈረድለታል።

አድማጮቻችን፥ በእኛም ሕግ ገዢ ጉድለቱን እንዳገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። እንግዲህ መኪናችሁ ባስቸገራችሁ ጊዜ ከቍጣ አስቀድሞ እርሳስና ደብተር አንሡ። ወደ ጋራዥ በገባችሁ ቍጥር ቀኑን፥ የጉድለቱን ዓይነትና የተሰጣችሁን መልስ ጻፉ፤ ያለ ደረሰኝም አትውጡ። የጥንቱ ዋስ በሰው ፊት ይጠራ ነበር፤ የዛሬው ዋስ በወረቀት ውስጥ ተደብቋልና፥ እርሱን ወደ ብርሃን የሚያወጣው በጥንቃቄ የተያዘ ማስረጃ ነው።