ስለምን ቢሉ

ፊልክስዩስ የሚባለው የግእዝ መጽሐፍ የቆመው በጥያቄ ላይ ነው። ወንድሞች ይጠይቃሉ፣ አረጋዊው ይመልሳል፤ ደግመው ይጠይቃሉ፣ ደግሞ ይመልሳል። ከቀደሙት መነኮሳት አንዱ እንዲህ ያለው ስለምን ነው? ሌላውስ በዓቱን ዘግቶ መቀመጡ ምን ይጠቅመዋል? መጽሐፉን በመጀመሪያ በሱርስት የጻፈው ዳዲሾ የተባለ የ7ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ ነው፤ ትውልዱም ዛሬ ኳታር የምትባለው ምድር ካለችበት ከባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ነው። ሥራው ከሱርስት ወደ ዐረብኛ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ። መንገድ ላይ የዳዲሾ ስም ጠፍቶ የሌላው የሶርያ ሊቅ የፊሎክሴኖስ ስም ተተካ፤ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ፊልክስዩስ የሚሉት እርሱን ነው።

ይህ መጽሐፍ ከማር ይስሐቅና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር መጻሕፍተ መነኮሳት ተብሎ በአብነት ትምህርት ቤት ይተረጎማል። ስለዚህ በምሥራቅ ጎጃም አንድ ደበሎ የለበሰ ተማሪ አኮፋዳውን ከጎጆው አኑሮ ለጉባኤ ሲቀመጥ፣ የሚሰማው ከ1,300 ዓመት በፊት በሌላ አገር የተጠየቀ ጥያቄ ነው። እርሱም ያንኑ ጥያቄ ለመምህሩ መልሶ ያቀርባል። የሚነቅፈው የለም።

የብቸናና የሞጣ አካባቢ ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ ዋና አገር ነው። ብቸና የእነማይ ወረዳ ከተማ ናት፤ በዚያው ወረዳ ያለውን ዲማ ጊዮርጊስን በ14ኛው ክፍለ ዘመን አባ ተከስተ ብርሃን እንደ መሠረቱት ይተረካል። ብዙው አንባቢ ዲማን የሚያውቀው ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በዲማ ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለዳቸውም የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ነገር የሚጠነሰሰው በዚያው አገር ነው። ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ ከተማ ስትሆን፣ የሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ናቸው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ደብረ ወርቅ፣ ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ መርጡለ ማርያም አለ። ከጎንደር በኩል የሚመጣ ተማሪም በዐፄ ፋሲል ዘመን በተሠራው፣ ኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወገቡ ፈርሶ ሰባራ ድልድይ በተባለው መሻገሪያ ዓባይን አቋርጦ ሞጣ ይገባ ነበር።

መምህሩ ይቀመጣል፣ ተማሪው ይዞራል። የጥያቄው ድግግሞሽ የሚመጣው ከዚህ ሥርዐት ነው። ዜማውን አንድ ቦታ የቀጸለ ቅኔውን ፍለጋ ሌላ አገር ይወርዳል፤ ቅኔውን የተቀኘ ለመጻሕፍቱ ሌላ ደጅ ይጠናል። አንዱ አስመስክሮ ሲወጣ ሌላው ቁራሽ እየለመነ ይመጣል። አዲስ ገቢው የሚጠይቀው ጥያቄ ለእርሱ ትኩስ ነው፤ ለየኔታ ግን ከእርሱ በፊት የመጣው፣ ከዚያም በፊት የመጣው ሁሉ የጠየቀው ነው። መምህሩ ለእያንዳንዱ ከሥር ጀምረው ቢመልሱ ጉባኤው ከአንድ መስመር አያልፍም። ዝም ቢሉ ደግሞ ተማሪው አኮፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላ መምህር ይሄዳል፤ የሚያስረው የለምና።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ የኔታ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት ደጅ ተበጀለት። ንባብ ቤት ሀሁን የሚያስቆጥረው አቡጊዳን የጨረሰው ልጅ ነው፤ አቡጊዳን የሚያስይዘው የዮሐንስን መልእክት የጀመረው ነው፤ እርሱንም ዳዊት የሚደግመው ይሰማዋል። የኔታ የሚያዳምጡት አልፎ አልፎ፣ ስሕተቱን ለመለየት ያህል ነው። ቅኔ ቤት ደግሞ አስነጋሪ የሚባል የበሰለ ተማሪ አለ፤ ጀማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለእርሱ ይነግራል፣ የአገባብ ግድፈቱን እርሱ ያርምለታል። አንድ ዓይነት ግድፈት በሳምንት ውስጥ ከብዙ ተማሪ አፍ ይወጣል፤ ማረሙ ለአስነጋሪው አሰልቺ ሥራ ነው ቢባል ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አስነጋሪው ራሱ መምህር የሚሆነው በዚያ አሰልቺ ሥራ ነው። አንድን ነገር ደጋግሞ ያስረዳ ሰው የትኛው ቃል እንደሚያደናግር፣ ተማሪው የት ላይ እንደሚሰናከል ያውቃል።

ባሕረ ሐሳብ የሚባለው የዘመን ቆጠራ ትምህርት ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። ከገበሬ እስከ ደብር አለቃ በየዓመቱ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ዘንድሮ ጾሙ መቼ ይገባል፣ ፋሲካስ መቼ ይውላል? ትውፊቱ ቀመሩን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጣል። ስሌቱን የተማረ ሰው በጣቱ ቆጥሮ ይመልሳል። የ2017 ዓ.ም.ን ብንወስድ 5,500 ሲጨመርበት 7,517 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንዱ ተቀንሶ ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይሆናል። መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ሲታከልበት 33፣ ሠላሳው ሲገደፍ መባጃ ሐመሩ 3፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ። የፋሲካ ተውሳክ 9 ነውና በመባጃ ሐመሩ ላይ ሲታከል 12 ይሆናል፤ ፋሲካም ሚያዝያ 12 ዋለ።

ከዚህ ስሌት ይልቅ የሚደነቀው ልማዱ ነው። መልሱ ጠያቂ እስኪመጣ አይጠበቅም። መስከረም 1 ቀን በዕለተ ዮሐንስ በየቤተ ክርስቲያኑ ወንጌላዊው፣ መጥቅዑ፣ አበቅቴው፣ የጾምና የበዓላቱ ቀን ሁሉ ለሕዝብ ይታወጃል። በዓመት ውስጥ ሺህ ጊዜ የሚጠየቀው በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ተመልሶ ያድራል። ያን ቀን ያልሰማ ሰው መጥቶ ቢጠይቅም ደብተራው አይቆጣም፤ ጣቱን ዘርግቶ ይቆጥርለታል።

የመጻሕፍት ቤቱ መፍትሔ ግን ከሁሉም ይጠልቃል። ተማሪው ግእዙን ያነባል፣ መምህሩ በአማርኛ ይፈቱታል፤ ከዚያ አንድም እያሉ ሌላ ሌላ ፍቺ ያክሉበታል። በመካከሉ እየደጋገመ የሚመጣ አነጋገር አለ፦ ስለምን ቢሉ፣ እንዴት ነው ቢሉ። ይህን የሚለው በጉባኤው የተቀመጠው ተማሪ አይደለም። ጥያቄውን ከብዙ ትውልድ በፊት የነበረ ተማሪ አንሥቶታል፤ መምህሩም የሚመልሱለት ነገር አግኝተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ጥያቄውም መልሱም አብረው በቃል ተይዘው ወርደዋል። አዲሱ ተማሪ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ጥያቄው ቀድሞት ከመምህሩ አፍ ይወጣል። እንዲህ ያለው ተማሪ ዝም ይላል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። በተግባር ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ የታወቀው ጥያቄ ስለተመለሰለት እርሱ ያልታወቀውን ፍለጋ ይሄዳል። አንዳንዱ «አንድም»ም በዚህ መንገድ የተጨመረ መሆን አለበት። አንድምታው በጎንደር ዘመን ተደላድሎ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ሁለት ሆነ፤ ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎም በአራት ጉባኤ ተከፈለ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ በነበሩበት ዘመን ከማተሚያ ቤት መውጣት እስኪጀምር ድረስ ማደሪያው የሊቃውንቱ ቃል ነበር።

ሮጀር ካውሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ይህን ትርጓሜ ዓመታት ሰጥቶ አጥንቷል። በ1983 እ.ኤ.አ. የዮሐንስ ራእይን አንድምታ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ ሰፊ ጥናት በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተመ። ካውሊ አንድምታውን ከሱርስትና ከዐረብኛ ትርጓሜዎች ጋር ሲያስተያየው ብዙ ዝምድና አገኘ። የጎጃም ሊቅ ለተማሪው የሚመልሰው መልስ ዘሩ ሲመዘዝ እስከ መስጴጦምያ የሚደርስበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ዳዲሾ ብቻውን አልመጣም።

ቅኔ ቤት ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የማይደገመው መልሱ ነው። በዓሉ በየዓመቱ ያው ነው፤ ጊዮርጊስ ሚያዝያ 23፣ ማርያም ኅዳር 21፤ የሚፈለገውም ምስጋና ያው ነው። ባለ ቅኔው ግን ባለፈው ዓመት ያለውን ቅኔ ዘንድሮ ቢደግም ያፍራል፤ የሌላውን ቢያቀርብ ሌባ ይባላል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ፣ ለዚያ ቀን የተቆጠረው በዚያው ቀን ያልቃል። ስለዚህ የአብነት ትምህርት ቤት አንዱን ልጅ በሁለት ተቃራኒ ልማድ ያሳድገዋል፦ ንባብ ቤትና ዜማ ቤት ሳለ የተሰጠውን ያለ አንዳች ለውጥ እንዲደግም፣ ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ ምንም እንዳይደግም። ሁለቱን ያላለፈ ሰው በመጻሕፍት ቤት ጥሩ ጠያቂ አይወጣውም የሚሉ ሊቃውንት ቢኖሩ አይፈረድባቸውም።

ተደጋጋሚን ጥያቄ በአዋጅ ለመዝጋት የተሞከረበት ዘመንም ነበር፤ የተሞከረው ግን በቤተ መንግሥት እንጂ በጉባኤ ቤት አይደለም። የሐዋርያት ሥራ 10፥38 የናዝሬቱ ኢየሱስ በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱን ይናገራል። አምላክ ሳለ ስለምን ተቀባ? ጥያቄው የጋለው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632 እ.ኤ.አ.) ከኢየሱሳውያን ካህናት ጋር ከተደረገው ክርክር ወዲህ ነው። ተዋሕዶ የሚሉ ሊቃውንት አንድ መልስ፣ ቅባት የሚሉ ሌላ መልስ፣ ጸጋ የሚሉም ሦስተኛ መልስ ሰጡ። ምሥራቅ ጎጃም የቅባት ሊቃውንት ዋና መኖሪያ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ለብቸናና ለሞጣ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ንጉሥ በተለወጠ ቁጥር ጉባኤ ተጠራ። ዐፄ ቴዎፍሎስ (1708–1711 እ.ኤ.አ.) ለቅባት ወገን አደሉ፤ በዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን (1716–1721 እ.ኤ.አ.) ክርክሩ ወደ ሰይፍ ተሸጋግሮ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጎንደር ተገደሉ። በመጨረሻ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት በ1870 ዓ.ም. ወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው ለተዋሕዶ ፈረዱ።

ቦሩ ሜዳ ለመንግሥቱ አንድነት ያስገኘው ጥቅም አለ፤ እርሱን መካድ አይገባም። ጥያቄውን ግን አላጠፋውም። ከአዋጁ በኋላ የጠየቀ ሰው ጠያቂ መሆኑ ቀርቶ ወገኑ የሚፈተሽበት ሆነ፤ ስለዚህ ጥያቄው ከአደባባይ ወደ ቤት ገባ። በምሥራቅ ጎጃም የቅባት ትምህርት እስከ ዛሬ መነጋገሪያ ሆኖ መቆየቱ ለዚህ ምስክር ነው። የአንድምታው መምህር ግን በአንድ መስመር ላይ ሦስት አራት ፍቺ አስቀምጦ ለተማሪው ይተዋል፤ ከሁለቱ አሠራር የተሻለው የመምህሩ ነው።

ዛሬ ከአንድምታው አብዛኛው ታትሟል፤ የታተመው ግን የጥንቱ ጥያቄና የጥንቱ መልስ ነው። ዘንድሮ ዲማ ላይ፣ ሞጣ ላይ፣ ደብረ ወርቅ ላይ ተማሪው የሚያነሣው ጥያቄ፣ አስነጋሪውና የኔታ የሚሰጡት መልስ በየዕለቱ ተነግሮ በየዕለቱ ይቀራል። በስልክ ድምፅ መቅረጽ ቀላል በሆነበት ዘመን የመምህሩን ትርጓሜ የሚቀርጹ ተማሪዎች አሉ፤ ተማሪው መጠየቅ ሲጀምር ግን መሣሪያውን ያጠፋሉ። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ያለፋችሁና አሁንም ያላችሁ፣ መምህሩን አስፈቅዳችሁ ጥያቄውንም ቅረጹት፣ ጻፉትም፤ ቀድሞ የተጠየቀ ቢመስላችሁም አትለፉት።