የድረ ገጽ አቀማመጥ ታሪክ

«ከአያያዝ ይቀደዳል፤ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ አባቶቻችን። ነገሩ መልካም ሆኖ ሳለ አያያዙ ከተበላሸ ዋጋው ይወድቃል ማለት ነው። የጽሑፍም ነገር እንዲሁ ነው። የአገራችን ጸሐፍት ብራናውን ጠርዝ ጠርዙን በወስፌ ወግተው፥ መስመሩን አስምረው፥ ገጹ በአንድ ወይም በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ እንዲከፈል አስቀድመው ይወስኑ ነበር። ቀለም ብራናውን ሳይነካ የገጹ ሥርዓት ተዘርግቶ ያልቅ ነበር። በየቀኑ በስልካችን የምናየው ድረ ገጽ ግን ይህን የመሰለ ሥርዓት ለማግኘት ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ታሪኩን በአጭሩ ለማቅረብ እሞክራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቲም በርነርስ ሊ የሚባል እንግሊዛዊ በ1989 በስዊዘርላንድ አገር በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሳለ፥ ሊቃውንት ጽሑፋቸውን በኮምፒዩተር የሚለዋወጡበትን መረብ ሐሳብ አቀረበ። ለዚሁም ኤች.ቲ.ኤም.ኤል. የተባለውን የጽሑፍ ምልክት አበጀ። ምልክቱ «ይህ ርእስ ነው፤ ይህ አንቀጽ ነው፤ ይህ ዝርዝር ነው» ይላል እንጂ ርእሱ በምን ቀለም እንደሚጻፍ፥ አንቀጹም በየትኛው ወገን እንደሚቀመጥ አይናገርም ነበር። መልኩን በአብዛኛው የሚወስነው ገጹን የሚያሳየው ፕሮግራም፥ ማለት ብራውዘሩ ነበር። ለሊቃውንቱ ይህ በቂ ነበር።

በ1993 ሞዛይክ የተባለው ብራውዘር ሥዕልን ከጽሑፍ ጋር በአንድ ገጽ እያሳየ በወጣ ጊዜ ግን ነጋዴውም ጋዜጠኛውም ወደ መረቡ ጎረፈ። ሁሉም ገጹ እንደ ጋዜጣ በዓምድ ተከፍሎ እንዲያምርለት ፈለገ፤ መሣሪያው ግን አልነበረም። በ1995 ኔትስኬፕ የተባለው ብራውዘር ሠንጠረዥ ማሳየት በጀመረ ጊዜ፥ ሠሪዎቹ ለቁጥርና ለዝርዝር የታሰበውን ሠንጠረዥ ለገጹ ሁሉ ማገር አደረጉት። በሠንጠረዥ ውስጥ ሌላ ሠንጠረዥ ጨመሩበት፤ ባዶ ቦታ ለማበጀትም የማይታይ የአንድ ነጥብ ሥዕል እየለጠጡ ያስገቡ ነበር።

ከዚህ ሁለት ጉዳት መጣ። አንደኛው፥ የአንድን ቀለም ለመለወጥ ገጾቹን ሁሉ አንድ በአንድ መክፈት ግድ ሆነ። ሁለተኛውና የሚያሳዝነው፥ ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ መሣሪያ የሚጠቀመው ዓይነ ስውር ተቸገረ። መሣሪያው የሠንጠረዡን ክፍሎች በተራ ስለሚያነብ፥ ሰሚው ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይደርስ የማውጫውን ዝርዝር ሁሉ ይሰማ ነበር፤ አንዳንዴም የአንዱ ዓምድ ቃል ከሌላው ዓምድ ቃል ጋር ይደባለቅበት ነበር። ለሚያየው ሰው ያማረው ገጽ ለማያየው የተዘጋ በር ሆነ።

የሚያስደንቀው ግን መድኃኒቱ ከበሽታው ቀድሞ መታሰቡ ነው። ሆኮን ቪዩም ሊ የሚባል ኖርዌያዊ በዚያው በሰርን ሳለ ኦክቶበር 10 ቀን 1994 የገጽ መልክ ደንብ የሚሆን ሐሳብ አወጣ። ቤርት ቦስ የተባለ የሆላንድ ሰውም ተባበረውና፥ ሥራቸው ሲ.ኤስ.ኤስ. ተብሎ ዲሴምበር 17 ቀን 1996 ጸደቀ። የሐሳቡ ሥር፥ ፍሬ ነገሩ በአንድ ፋይል፥ መልኩ በሌላ ፋይል ይቀመጥ የሚል ነው። አንድ የደንብ ፋይል ሺህ ገጽ ሊያስተዳድር ይችላል። በስሙ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ቃል ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚወርድ ፏፏቴን ያመለክታል፤ የብራውዘሩ፥ የአንባቢውና የጸሐፊው ፈቃድ በደረጃ ይመዘናልና። እንግዲህ ዓይኑ የደከመ አንባቢ ፊደሉን የማጉላት መብት በደንቡ ውስጥ ተጠብቆለታል ማለት ነው።

ነገር ግን ደንብ መውጣቱ ብቻ አይበቃም። በሲ.ኤስ.ኤስ. እያንዳንዱ ነገር እንደ ሣጥን ይቆጠራል። ሣጥኑም ፍሬ ነገር፥ የውስጥ ክፍት ቦታ፥ ጠርዝና የውጭ ክፍት ቦታ አለው። የፍሬ ነገሩ ስፋት 200 ነጥብ፥ የውስጡ ክፍት ቦታ በግራና በቀኝ 20፥ 20፥ ጠርዙም 5፥ 5 ቢሆን፥ በደንቡ መሠረት ድምሩ 250 ይሆናል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ግን ሁሉንም በ200 ውስጥ ይቆጥረው ነበር። ስለዚህ በአንዱ ብራውዘር የገጠመው ገጽ በሌላው ይፈርስ ነበር። በ1998 የድረ ገጽ ባለሙያዎች ማኅበር አቁመው፥ ኩባንያዎቹ አንዱን ደንብ እንዲያከብሩ አጥብቀው ጠየቁ። በ2001 የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ገጹ ደንቡን እንደሚከተል በመግቢያው ላይ በተገለጸ ጊዜ የደንቡን ሒሳብ ተቀበለ።

በ2003 ዴቭ ሼይ የተባለ ካናዳዊ ሲ.ኤስ.ኤስ. ዜን ጋርደን የሚባል ገጽ ከፈተ። በዚያም አንዱን ጽሑፍ ሳይነኩ፥ ደንቡን ብቻ በመለወጥ፥ ልዩ ልዩ ሠሪዎች ፈጽሞ የማይመሳሰል መልክ ሰጡት። ከተጠራጠሩትም ብዙዎች አመኑ። ሆኖም ዓምድ የሚሠራው ገና በብልኀት ነበር፤ ሥዕልን ከጽሑፍ ጎን ለማስጠጋት የተሠራውን ትእዛዝ ለዓምድ ያውሉት ነበርና። አንዱ ዓምድ በጥቂት ነጥብ ቢሰፋ ሌላው ከሥሩ ይወድቅ ነበር።

ከ2007 በኋላ ዘመናዊው ስልክ ሲስፋፋ ችግሩ በዛ። በ2010 ኢታን ማርኮት የተባለ አሜሪካዊ አንዱ ገጽ እንደ መስኮቱ ስፋት ራሱን እንዲያስተካክል መንገዱን አሳየ። ነገሮችን በአንድ ረድፍ የሚደለድለው ፍሌክስቦክስ፥ ቀጥሎም መስመርንና ዓምድን በአንድነት የሚያዘው ግሪድ መጣ። ግሪድ በማርች 2017 በፋየርፎክስ፥ በክሮምና በሳፋሪ ገባ። ዛሬ ሠሪው «ሦስት ዓምድ፤ መካከለኛው የሌሎቹ እጥፍ» ብሎ በአንድ መስመር ያዛል፤ ለስልክም «አንድ ዓምድ» ይላል።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በግሪድ በኋላ የተጻፈውን በፊት ማሳየት ይቻላል፤ በድምፅ የሚያነበው መሣሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈበትን ተራ ይከተላል። ስለዚህ ሠሪው አስቀድሞ ጽሑፉን በተራው ካላቀና፥ የሠንጠረዡ ዘመን በደል በአዲስ መሣሪያ ይመለሳል።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ከእኛ መካከል ነገ ድረ ገጽ የሚሠሩ ይኖራሉ። ሥራችንን ስንመዝን ለዓይን ማማሩን ብቻ አንይ፤ ማየት የማይችለውም ሰው እንደ እኛ ሊያነበው ይችል እንደ ሆነ እንጠይቅ።