አንደበትን የሚፈቱ መምህራን ታሪክ



የትምህርት ቤት ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሕንፃው፣ ስለ ፈተናው ውጤትና ስለ ኳስ ጨዋታው ነው። እኔ ግን በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ላይ አንድ ዝምተኛ ተማሪ ላስታውሳችሁ እወዳለሁ። በታችኛው ክፍል ሳለን አብሮን የሚማር ልጅ ነበረ። በሒሳብ ሁላችንንም ይበልጠን ነበር። ነገር ግን ተነሥተህ አንብብ በተባለ ቁጥር የመጀመሪያዋ ፊደል ከንፈሩ ላይ ትቀርበታለች። ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። መምህራችን ደግ ሰው ነበሩ። ሆኖም እንዴት እንደሚረዱት ያስተማራቸው ስላልነበረ፣ እንዳያፍር ሲሉ መጠየቁን ተዉት። ልጁም ዓመቱን በሙሉ በዝምታ ከረመ።

ይህ ችግር ከጥንት የነበረ ነው። ነቢዩ ሙሴ አንደበቱ እንደሚከብደው ለፈጣሪው ማመልከቱን ክርስቲያኑም እስላሙም ያውቃል፤ ወንድሙም ረዳት ሆኖ ተሰጠው። የግሪኩ ተናጋሪ ዴሞስቴኔስም ጠጠር በአፉ ይዞ አንደበቱን እንዳሠለጠነ ይተረካል። በቅርቡ ዘመን ደግሞ የእንግሊዙ ንጉሥ ጊዮርጊስ 6ኛ ይንተባተቡ ስለ ነበር፣ ሊዮኔል ሎግ የሚባል አውስትራልያዊ ባለሙያ ለብዙ ዓመታት አሠልጥኗቸዋል። ነገር ግን ንጉሥ የራሱን ባለሙያ ማስጠራት ይችላል፤ የድኻው ልጅስ ማንን ያስጠራል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው ሥራው ወደ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1910 የቺካጎ ከተማ ትምህርት ቤቶች ንግግር የሚያርሙ መምህራንን ቀጠሩ። ሙያው ገና ለጋ ነበርና መሠረት የሚሆነው ማኅበር አስፈለገው። ስለዚህ በ1925 ጥቂት አሜሪካውያን ባለሙያዎች ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ እንግሊዞችም በ1945 የራሳቸውን ኮሌጅ መሠረቱ። በ1975 ደግሞ በአሜሪካ አካል ጉዳተኛ ልጆች ሁሉ ያለ ክፍያ በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲማሩ ሕግ ወጣ፤ የንግግር ችግር ያለባቸውም በዚሁ ሕግ ውስጥ ተቈጠሩ። ሕጉም እንዲያው ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ወላጆችና ባለሙያዎች ተባብረው ለብዙ ዘመን ስለ ጮኹ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ መምህራን በማኅበር መደራጀት የጀመሩት በ1941 ዓ.ም. ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ትምህርት አነሣ። በዚያው ዓመት በእስፓኝ አገር በሳላማንካ ከተማ የተሰበሰቡ መንግሥታት ማናቸውም ልጅ ከትምህርት ቤት በር እንዳይመለስ የሚል ቃል አወጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ኦቲዝም ያለበት የገዛ ልጃቸው ያሳያቸውን ችግር መነሻ አድርገው በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በፊደላችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ የንግግር ማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። እኒህ እናት በ2013 ዓ.ም. ቢያርፉም ሥራቸው ሕያው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ትምህርት በመጀመሪያ ዲግሪ ተከፍቶ ባለሙያዎች ተመርቀዋል።

አሁን ስለ ድሬ ዳዋ ልናገር። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቈረቈረች፣ ብዙ ሕዝብ የተገናኘባት ናት። የከዚራና የመጋላ ልጅ በአንድ ቀን ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪ ይሰማል። እንዲህ ያለ ልጅ ቋንቋ ቢቀላቅል ወይም በሁለተኛው ቋንቋ ቢዘገይ ሕመምተኛ አይደለም። በሚያውቃቸው ቋንቋዎች ሁሉ ቢቸገር ግን እርዳታ ያሻዋል። ይህን ከዚያ ለይቶ ማወቅ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ሳይለዩ መፍረድ ግን ጤነኛውን ሰነፍ ያሰኛል፤ የተቸገረውንም ያስረሳል።

ባለሙያውስ ምን ይፈልጋል? ጸጥ ያለ ክፍል፣ በከተማው ልጆች ቋንቋ የተዘጋጀ መሣሪያ፣ ከመምህራን ጋር የሚመካከርበት ሰዓት፣ በመደብ የታወቀ የሥራ ቦታና የሙያ ጓደኞች ያስፈልጉታል። ይህ ሳይሟላለት የብዙ ትምህርት ቤቶች ልጆች በአንድ ሰው ላይ ቢጫኑ ሥራውን ጥሎ መሄዱ አይቀርም። አባቶቻችን፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ያሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ስለ ባለሙያው መብት መናገር ስለ ልጁ መናገር ነው።

እስከዚያው ድረስ እያንዳንዳችን የምንሠራው አለ። ወላጆች ሆይ፣ ንግግር የዘገየበትን ልጅ አስቀድማችሁ ጆሮውን አስመርምሩ፤ እንጥል ማስቈረጥ ንግግርን አያቃናም፣ ጉዳት ግን ያመጣል። መምህራን ሆይ፣ የሚንተባተበውን ጊዜ ስጡት እንጂ ቃሉን አትንጠቁት። ተማሪዎች ሆይ፣ አትሳቁ።

ያ የክፍል ጓደኛዬ ዛሬ ወዴት እንዳለ አላውቅም። ባገኘው ኖሮ፣ ሳልቸኩል ቃሉን እስኪጨርስ አዳምጠው ነበር።