ስሙ እንዳይጠራ የተከለከለው ዐውሎ ነፋስ

የተፈጥሮ ኀይል ያመጣውን ጥፋት የሰው ዝምታ ሲያባብሰው የምናይበት ጊዜ አለ። ለዚህም በአሜሪካ ገበሬዎች ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 የደረሰው መከራ በቂ ምስክር ነው።

ቶርኔዶ የሚባለው ከነጐድጓድ ደመና ሥር ወጥቶ እስከ ምድር የሚደርስ፥ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ የሚሄድ ዐውሎ ነፋስ ነው። በአሜሪካ መካከለኛ ሜዳ የሚበዛበትም ምክንያት፥ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚነሣው ሞቃትና እርጥብ አየር ከምዕራብና ከሰሜን ከሚመጣው ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ጋር በዚያ ስለሚገናኝ ነው።

ማርች 18 ቀን 1925፥ ማለት በእኛ መጋቢት 9 ቀን 1917 ዓ.ም.፥ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ በሚዙሪ ግዛት የተነሣው ቶርኔዶ ኢሊኖይን አቋርጦ እስከ ኢንዲያና ዘለቀ። በ3 ሰዓት ተኩል ውስጥ 350 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ተመዝግቧል፤ በ2013 ጥናታቸውን ያወጡ ሊቃውንት ግን ሳይቋረጥ የሄደው ከዚህ ሊያንስ እንደሚችል ገልጸዋል። የሞቱት 695 ሰዎች ሲሆኑ፥ ይህን ያህል ሕይወት ያጠፋ ሌላ ቶርኔዶ በዚያ አገር ታሪክ አልተመዘገበም። በመርፊስቦሮ ከተማ ብቻ 234 ሰዎች አለቁ፤ በዴ ሶቶም በትምህርት ቤት የነበሩ 33 ተማሪዎች ሞቱ። በኢንዲያና ከግሪፊን እስከ ፕሪንስተን ባለው አገር 85 ያህል እርሻዎች ወደሙ።

ገበሬ ሰማይን አይቶ የሚያድር ሰው ነው፤ ታዲያ ስለ ምን አላመለጠም? ደመናው በጣም ዝቅ ያለና በዝናብና በአቧራ የተሸፈነ ስለ ነበረ፥ እንደ ዝሆን ኵንቢ የሚንጠለጠለው የቶርኔዶ መልክ አልታየም፤ ለብዙዎች የሚንከባለል ጉም መሰላቸው። ፍጥነቱም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። የመንግሥቱ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ለዚያ ቀን የተናገረው ስለ ዝናብና ስለ ብርቱ ነፋስ ነበር። ቶርኔዶ የሚለው ቃል በማስታወቂያው ውስጥ አልነበረም፤ እንዲጻፍም አልተፈቀደም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆን ፓርክ ፊንሊ የተባለ የጦር ሠራዊት መኮንን በ1884 ቶርኔዶን አስቀድሞ የመተንበይ ሙከራ ጀምሮ ነበር። ዳሩ ግን ሕዝቡ በድንጋጤ ከነፋሱ የባሰ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ ስለ ተፈራ፥ በ1880ዎቹ ዓመታት ቃሉ በትንበያ ውስጥ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ክልከላውም እስከ 1938 ጸና። ከ10 ዓመት በኋላ፥ ማርች 25 ቀን 1948፥ ኧርነስት ፎውቡሽና ሮበርት ሚለር የተባሉ የአየር ኀይል መኮንኖች በኦክላሆማ ለሚገኘው የቲንከር ጦር ሰፈር ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ቶርኔዶው በዚያው ዕለት ማታ ደረሰ፤ ሰዎቹ አስቀድመው ስለ ተጠለሉ ግን የማንም ሕይወት አልጠፋም። በ1950 የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱም ሠራተኞቹ ለሕዝብ እንዲናገሩ ፈቀደ።

በ1925 የነበረው ዕውቀት የሞቱትን ሁሉ ባዳነ ነበር አንልም። ነገር ግን ስሙ የማይጠራ ነገር በሚገባ አይጠናም፤ ያልተጠናም አይተነበይም። ከ50 ዓመት በላይ የቆየው ዝምታ የዕውቀቱንም በር ዘግቶ ነበር። ተረታችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል። ሕዝብ እንዳይደነግጥ ብሎ እውነቱን የሚሸሽግ ባለሥልጣን ይህን ተረት ቢያስታውስ መልካም ነው፤ አስቀድሞ የተነገረው ገበሬ ቢደነግጥም እንኳ ልጆቹን ይዞ ወደ ምድር ቤት ይወርዳልና።