የሥራ ድልደላ በኮምፒዩተር ታሪክ

መግቢያ

የመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው ስሌቱን የሚያከናውን አንድ ክፍል፣ ማለትም አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነበራቸው። ሥራው በተራ ይቀርባል፤ ፕሮሰሰሩም አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ብዙ ፕሮሰሰሮች ያሏቸው መሣሪያዎች መሠራት ሲጀምሩ ግን ቀድሞ ያልነበረ ጥያቄ ተነሣ። ይኸውም ሥራው ለየትኛው፣ መቼና በምን ያህል መጠን ይደልደል የሚለው ነው።

ላይ ላዩን ሲታይ መልሱ ቀላል ይመስላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ የሠሪው ቁጥር በጨመረ መጠን ሥራው ይቀላል ተብሎ ይገመታል። የኮምፒዩተር ታሪክ የሚያስረዳው ግን ይህ አባባል የሚሠራው ሎሚዎቹ እኩል ሲሆኑና አንዱ ሌላውን የማይጠብቅ ሲሆን መሆኑን ነው።

የግራሃም ጥናት

በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ሮናልድ ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1969 ባወጣቸው ጥናቶች፣ ፕሮሰሰር መጨመር ሥራውን ሊያዘገይ እንደሚችል አረጋገጠ። ምሳሌው እንደሚከተለው ነው።

በተራ ቁጥር የተዘረዘሩ ዘጠኝ ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያው 3 ሰዓት፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት እያንዳንዳቸው 2 ሰዓት፣ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት እያንዳንዳቸው 4 ሰዓት፣ ዘጠነኛው 9 ሰዓት ይፈጃሉ። ዘጠነኛው፣ የመጀመሪያው ሳያልቅ አይጀመርም፤ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት ደግሞ የአራተኛውን ማለቅ ይጠብቃሉ። ደንቡ አንድ ነው፤ ሥራ የፈታ ፕሮሰሰር ከዝርዝሩ ውስጥ ለመጀመር ዝግጁ ከሆኑት ቀዳሚውን ያነሣል።

በዚህ ደንብ ሦስት ፕሮሰሰሮች ሁሉንም በ12 ሰዓት ይፈጽማሉ። አራተኛ ሲጨመር ግን 15 ሰዓት ይፈጃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሦስቱ ጊዜ ረጅሙ ሥራ በ3ኛው ሰዓት መጨረሻ ይጀመራል። ፕሮሰሰሮቹ አራት ሲሆኑ ግን አራተኛው ሥራ ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ እርሱን ይጠብቁ የነበሩት አራት ሥራዎች ፕሮሰሰሮቹን በሙሉ ይይዛሉ፤ ረጅሙም እስከ 6ኛው ሰዓት መጨረሻ ድረስ ተራ ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ ግራሃም የጉዳቱን ወሰንም አሳይቷል። በዚህ ዓይነት ደንብ የሚፈጀው ጊዜ፣ ከተሻለው ድልደላ ጊዜ እጥፍ አይደርስም። ሥራዎቹ የማይጠባበቁ ከሆኑና ረጅሙ እንዲቀድም ከተደረገ ደግሞ ትርፉ ጊዜ ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም።

በመረብ የተያያዙ ኮምፒዩተሮች

የግራሃም ስሌት ሥራዎቹ ሁሉ በአንድ ዝርዝር ላይ እንደሚገኙ ያሰበ ነበር። በየቦታው ያሉ ኮምፒዩተሮች በመረብ ሲያያዙ ግን የሁሉንም ሁኔታ በአንድ ጊዜ የሚያውቅ አይኖርም፤ ወሬው እስኪደርስ ሁኔታው ይለወጣል፤ መጠየቁም ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ሚሮን ሊቭኒና ሜልማን እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳመለከቱት፣ በዚህ ዓይነቱ ሥርዓት አንዱ ሥራ ፈትቶ ሳለ በሌላው ዘንድ ሥራ ተሰልፎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ኢገር፣ ላዞውስካና ዛሆርጃን እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረቡት ጥናት ደግሞ፣ ሥራ የበዛበት ኮምፒዩተር በዕጣ የተመረጡ ጥቂቶችን ብቻ ጠይቆ ቢያስተላልፍ፣ ብዙ መረጃ ከሚሰበስበው ውስብስብ ዘዴ ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንደሚገኝ ታወቀ።

ሁለተኛው መንገድ የጠያቂውን ቦታ ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብቅ ያለውንና «ሥራ መስረቅ» የተባለውን ዘዴ፣ ሮበርት ብሉሞፍና ቻርልስ ላይሰርሰን እ.ኤ.አ. በ1994 በሒሳብ ማስረጃ አጸኑት። በዚህ ዘዴ ሥራ የፈታው ፕሮሰሰር ራሱ ሌላውን በዕጣ መርጦ ከክምችቱ ይወስዳል። በመሆኑም ሁሉም በሥራ ላይ ሳሉ ለድልደላ የሚባክነው ጊዜ እጅግ ያንሳል፤ የፍለጋው ድካም የሚያርፈውም ጊዜ ባለው ላይ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ እንደሚታየው፣ እኩል ማካፈልና በእኩልነት ማደላደል አንድ አይደሉም። የሰው ኃይል የሚመድብ ዕቅድ አውጪ ቁጥር ከመጨመሩ በፊት፣ ሌሎቹን አስሮ የያዘው ሥራ የትኛው እንደሆነ ቢመረምር ይጠቀማል። የሒሳብ መምህርም የዘጠኙን ሥራዎች ምሳሌ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሁለት ሠንጠረዥ፣ አንዱን ለሦስት፣ ሌላውን ለአራት ፕሮሰሰር ሊያሠራው ይችላል፤ ለዚህም ከመደመር በላይ ዕውቀት አያስፈልግም።