ማዮማ በአልትራሳውንድ ሲታይ

«ማዮማ አለብሽ ተብያለሁ፤ ማህፀኔ ሊወጣ ነው?» የአልትራሳውንድ ምርመራ በማደርግበት ክፍል ይህን ያህል የሚደጋገም ጥያቄ የለም።

ማዮማ ወይም ፋይብሮይድ ከማህፀን ጡንቻ የሚነሳ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። በአሜሪካ ተጠንቶ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደገመተው፣ ዕድሜያቸው 50 እስኪደርስ ከጥቁር ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ፣ ከነጮች ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት ማዮማ ይኖራቸዋል። ብዙዎቹ ምልክት ስለሌላቸው መኖሩን እንኳ አያውቁም። ስለዚህ ማዮማ መገኘቱ ብቻውን ለቀዶ ሕክምና ምክንያት አይሆንም።

ከመጠኑ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ቦታው ነው። ከማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ሥር ያለ 2 ሳንቲ ሜትር ማዮማ ደም አብዝቶ ሊያፈስና እርግዝናን ሊያስተጓጉል ይችላል፤ በውጭ በኩል የወጣ 6 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን በ2011 እ.ኤ.አ. ማዮማን እንደ ቦታው ከ0 እስከ 8 በቁጥር የመደበውም ለዚህ ነው። «ማዮማ ታይቷል» ብቻ የሚል ወረቀት፣ በእኔ እምነት፣ ውጤት አይባልም። ብዛቱ፣ በሦስት አቅጣጫ የተለካ መጠኑና ከውስጠኛው ሽፋን ጋር ያለው ግንኙነት መጻፍ አለበት። ማዮማው ትልቅ ከሆነ የሽንት ቱቦን ሊጫን ስለሚችል ኩላሊትም ይታያል።

አንዲት ልጅ ለመውለድ የምትጠባበቅ ሴት «በስድስት ወር ከ4 ወደ 6 ሳንቲ ሜትር አደገ» ተብላ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዛ መጣች። ሁለቱን ወረቀቶች ሳስተያይ ዕጢው ሞላላ ነበር፤ አንደኛው ወርዱን፣ ሌላኛው ርዝመቱን ብቻ ጽፎታል።

በሆድ በኩል ለሚደረገው ምርመራ ውኃ ጠጥተው ፊኛዎ ሞልቶ ይምጡ። በብልት በኩል የሚደረገው ግን ፊኛ ባዶ ሆኖ ነው፤ የበለጠ አጥርቶ ቢያሳይም ለደናግል አይደረግም። ሁለቱም ጨረር የላቸውም። ማዮማ አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ የለየ፣ ከጡንቻው የጠቆረ ክብ ሆኖ ይታያል። ጠርዙ ካልለየ አዴኖማዮሲስ ሊሆን ይችላል። በቀጭን ግንድ የተንጠለጠለው ደግሞ ከእንቁላል ማምረቻ ዕጢ ጋር ስለሚምታታ ሁለቱም እንቁላል ማምረቻዎች ለየብቻ መታየት አለባቸው። ጥርጣሬ ከቀረ ማህፀን ውስጥ ጨዋማ ውኃ ጨምሮ ማየት ወይም ኤምአርአይ ይረዳል።

የወር አበባ ካቆመ በኋላ ማዮማ እንደ ደንቡ ይኮማተራል። ከዚያ ወዲያ ካደገ፣ ወይም ደም ከታየ፣ ሳይዘገዩ የማህፀን ሐኪም ያማክሩ፤ የቀድሞ ውጤቶችዎንም ይዘው ይሂዱ።